ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፤ ከሽሬ እስከ ፖንዛ፤ ከፖንዛም በኋላ

በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን ስማቸው ከሚጠራው መኳንንት መካከል ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በወዳጅም በጠላትም ዘንድ ከተከበሩት አንዱ ናቸው። የድላቸው ታሪክ አጭር ነው፤ የመከራቸው ታሪክ ከዚያ ይረዝማል፤ ከጦርነቱ በኋላ የኖሩበት ዘመን ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ሰው ግን አዘውትሮ የሚያነሣው የሽሬን ጦርነት ብቻ ስለ ሆነ፣ የቀረውም አብሮ እንዲታወቅ ታሪካቸው ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ ይነገራል።

አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ የልዑል ራስ መኰንን የሥጋ ዘመድ ነበሩ። ስለዚህ በ1885 ዓመተ ምሕረት በኅዳር ወር የተወለዱት እምሩ፣ በአራት ወር ብቻ ከሚበልጧቸው ከራስ መኰንን ልጅ ከተፈሪ ጋር በሐረር እንደ ወንድማማች ሆነው አደጉ። ሁለቱም ከአንድ መምህር፣ ከአባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ዘንድ ተማሩ። እኒህ አባ ሳሙኤል በ1907 ዓመተ ምሕረት በሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ በሰጠመች ጊዜ ደጃዝማች ተፈሪን ሲያድኑ ራሳቸው በውኃው የቀሩት ናቸው። ራስ መኰንን በ1898 ዓመተ ምሕረት ከሞቱ በኋላም የሁለቱ ልጆች ወዳጅነት አልተቋረጠም። ተፈሪ ወደ ዙፋኑ እየቀረቡ በሄዱ ቁጥር እምሩም የሚታመኑባቸው የአገር ገዥ እየሆኑ ሄዱ። አስቀድመው ሐረርን ስለ እርሳቸው አስተዳደሩ፤ ቀጥሎ ወሎን ገዙ፤ በ1924 ዓመተ ምሕረት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም ግዛታቸው በተነሡ ጊዜ ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ።

የጎጃም ግዛት ቀላል ሹመት አልነበረም። አገሩ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጀምሮ በገዛ ባላባቶቹ መተዳደር የለመደ ነው፤ በራስ ኃይሉም ዘመን ግብሩ ከብዶበት ነበረ። አዲሱ ገዥ በሰው ዘንድ በቅንነታቸውና በንጹሕ እጃቸው ቢታወቁም ከሸዋ የመጡ ባዕድ ተደርገው መታየታቸው አልቀረም። ይህ ነገር በሰላሙ ጊዜ በልብ ውስጥ ተደብቆ ይኖር ነበር፤ ጦርነት በመጣ ጊዜ ግን ተገለጠ።

ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት ያለ ጦርነት ዐዋጅ መረብን ተሻግራ ትግራይን በወረረች ጊዜ ልዑል ራስ እምሩ 25,000 ያህል ይሆናል ተብሎ የሚገመት ጦር ይዘው ከጎጃም ተነሡ። የተሰጣቸው ትእዛዝ በስሜን አልፈው፣ ተከዜን ተሻግረው፣ በሽሬ በኩል የጠላትን የቀኝ ክንፍ እንዲወጉ ነበረ። መንገዱ ሁሉ በእግር ነው፤ ስንቁ በአጋሰስና በሴቶች ትከሻ ነው። ገና በጎንደር አውራጃ ሳሉ በዳባት ላይ የጠላት አይሮፕላኖች ቦምብ አዘነቡባቸው። አይሮፕላን አይቶ የማያውቀው ባላገር ብዙው ደንግጦ ወደ አገሩ ተመለሰ። በስተኋላም ደጃዝማች ገሠሠ በለው በጎጃም ዐመፁ። እንዲህ ሆኖ ሳለ ከስሜኑ ገዥ ከደጃዝማች አያሌው ብሩ ጋር ተባብረው ወደ ፊት መሄዳቸው ያስደንቃል።

ታኅሣሥ 5 ቀን ጦራቸው ተከዜን ተሻገረ። በመሻገሪያው ላይ የነበረው ማጆር ክሪኒቲ የሚባለው የኢጣልያ መኮንን ከነጭፍራው ወደ ደምበጓና ሸሸ፤ ነገር ግን በፊታውራሪ ሺፈራው የሚመራው የኢትዮጵያ ጦር ቀድሞት በሩን ይዞበት ነበረ። ክሪኒቲ ወደ ዐሥር የሚጠጉ ትናንሽ ታንኮች ነበሩት። የጎጃምና የስሜን ወታደሮች መድፍ የላቸውም፤ ብረቱን የሚበሳ ጥይትም የላቸውም። ቢሆንም ታንኩ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ ሊተኩስ አለመቻሉን ባስተዋሉ ጊዜ ከኋላ እየሮጡ ወጡበት፤ የመትረየሱን አፍ በድንጋይና በሰደፍ አጣመሙ፤ በውስጡ ያሉትንም ገደሉ። አብዛኞቹ ታንኮች በዚያው ቀሩ። በጦርነቱ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ጠላትን አጥቅተው ወደ ኋላ ከመለሱባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ይህ ነው። የራስ እምሩም ጦር ወደ አክሱም አቅጣጫ ገሥግሦ የጠላትን ስንቅ መንገድ የሚያሰጋ ሆነ።

የዚህ ድል ዋጋ ግን ከሳምንት ገደማ በኋላ ተከፈለ። ማርሻል ባዶልዮ በመሣሪያ ሊመልሰው የተቸገረውን ጦር በመርዝ ለመመለስ ቈረጠ። ታኅሣሥ 13 ቀን በተከዜ አጠገብ የመጡት አይሮፕላኖች እንደ ቀድሞው ቦምብ አልጣሉም። ልዑል ራስ እምሩ ከብዙ ዓመት በኋላ አንጀሎ ዴል ቦካ ለሚባለው ኢጣልያዊ የታሪክ ጸሐፊ እንደ ተረኩለት፣ የወደቀው ነገር በርሜል የሚመስል ነበረ፤ መሬት ወይም ውኃ ሲነካም እየተሰነጠቀ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጭ ነበረ። የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸው፣ ፊታቸው ተላልጦ ጮኹ፤ ከወንዙ የጠጡትም ብዙ ሲሠቃዩ ኖረው ሞቱ። ውኃ ሊያጠጡ ከብት ይዘው የመጡ ባላገሮችም በዚያው አለቁ። አለቆቹ ከበው ምን እናድርግ ብለው በጠየቋቸው ጊዜ የሚመልሱት ቃል አጡ፤ ከዚህ ዐይነት ዝናብ ጋር የሚዋጉበትን ብልሃት የሚያውቅ ሰው በዚያ አልነበረምና። ኢጣልያ በጦርነት የመርዝ ጋዝ እንዳይጣል የሚከለክለውን የጄኔቭ ውል በ1917 ዓመተ ምሕረት ፈርማ ነበረ። ከጦርነቱም በኋላ ለብዙ ዐሠርት ዓመታት ነገሩን ስትሸሽግ ኖረች፤ የመከላከያ ሚኒስቴርዋ መርዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓመተ ምሕረት ነው።

በየካቲት ወር ራስ ሙሉጌታ በአምባ አራዶም፣ ራስ ካሣና ራስ ሥዩም በተምቤን ድል ሆኑ። በዚያ ዘመን በግንባሮቹ መካከል የነበረው የመልእክት መንገድ ደካማ ስለ ነበረ የእነርሱ መሸነፍ ለራስ እምሩ ዘግይቶ ተሰማቸው። የካቲት 21 ቀን ባዶልዮ ሁለት ኮር ጦር ሽሬ ላይ አዞረባቸው። ለብቻቸው ቀርተው ሳለ ለጥቂት ቀናት አጥብቀው ተዋጉ፤ ከኢጣልያ ወገንም ብዙ ሰው ወደቀ። በመጨረሻ ወደ ተከዜ ሲመለሱ አይሮፕላኖቹ በመሻገሪያው ላይ ጠበቋቸው። ቁጥሩ ቀላል ያልሆነ ሰው በወንዙ ውስጥ ቀረ። ልዑል ራስ እምሩ ወደ ጎጃም በተመለሱ ጊዜ ያን ያህል ከነበረው ሠራዊት አብሮአቸው የቀረው ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ነበረ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤቱታ ለማቅረብ ከአዲስ አበባ ሲነሡ አብሮ አደጋቸውን እንደራሴ አድርገው በምዕራብ እንዲቀመጡ አዘዙ። የመንግሥቱ መቀመጫ ጎሬ ሆነ፤ በዚያም ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ነበሩ። ራስ እምሩም ወደ ምዕራብ ወርደው ሥራውን ያዙ። በዚሁ ወራት ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ዕጩ መኮንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች በወለጋ ተሰብስበው ጥቁር አንበሳ የሚባለውን ማኅበር አቋቁመው ነበረ፤ መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነው። ማኅበሩ የራሱ ሕግ ነበረው። ባላገሩን አትዝረፍ፣ ምርኮኛን አታሠቃይ፣ አገርህን ጥለህ ወደ ውጭ አትሽሽ የሚል ትእዛዝ በሕጉ ውስጥ ተጽፎ ነበረ። በዚያ የጭንቅ ጊዜ፣ ወታደር ሁሉ በባላገር ላይ በሚኖርበት አገር፣ እንዲህ ያለ ሕግ መጻፉ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

የእነዚህ ወጣቶች ስም የተሰማው በሰኔ ወር 1928 ዓመተ ምሕረት ነው። የኢጣልያ አይሮፕላኖች የወለጋን ባላባቶች ለማሳመን በነቀምቴ አጠገብ በቦናያ ሜዳ ባረፉ ጊዜ ጥቁር አንበሶች በሌሊት ከበው አይሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ከኢጣልያ የአየር ኃይል ታላላቅ አለቆች አንዱን ጄኔራል ማልዮኮንም ከነባልደረቦቹ ገደሉ። ከመካከላቸው አባ ቦሬሎ የሚባለው ሚሲዮናዊ አመለጠ። ወጣቶቹ ልዑል ራስ እምሩን አለቃቸው አድርገው ተቀበሉ፤ ራስ እምሩም ወደ አዲስ አበባ ለመዝመት ተነሡ።

ጉዞው አልተሳካም። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። በወለጋና በዙሪያው የነበረው የኦሮሞ ሕዝብ በሸዋ ገዥዎች ዘመን ርስቱ ተወስዶበት፣ የነፍጠኛ ሸክም ከብዶበት ስለ ነበረ፣ ለዚያ አገዛዝ ዳግም መሞትን ብዙው አልፈቀደም። ከባላባቶቹም አንዳንዶቹ ከእንግሊዝ ሞግዚትነት እስከ መለመን ደርሰው ነበረ። ራስ እምሩ በጎጃም ያዩትን ነገር በምዕራብ ደግሞ በባሰ ሁኔታ አዩት። ስንቅ የሚሰጥ ጠፋ፤ መንገድ የሚመራ ጠፋ፤ የሚተኩስባቸው ግን አልጠፋም። በኋለኛው ዘመን ስለ መሬትና ስለ ጭሰኛ የያዙት አሳብ ሥሩ ወዴት እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ሰው፣ ከዚህ ጉዞ የራቀ አይመስልም።

ጎሬ በኅዳር 1929 ዓመተ ምሕረት በጠላት እጅ ወደቀች፤ ከዚያም በኋላ ብፁዕ አቡነ ሚካኤል በዚያው በጎሬ ተገደሉ። ራስ እምሩ በተከታታይ እየተዋጉ ወደ ደቡብ ወደ ከፋ ወረዱ። በሰሜንም በደቡብም የጠላት ጦር ቀረባቸው፤ በፊታቸው የጎጀብ ወንዝ ነበረ። ጥይቱ አልቋል፤ ቁስለኛው በዝቷል፤ ወደ ውጭ አገር መሸሽም በማኅበሩ ሕግ የተከለከለ ነው። የኢጣልያ አዛዥ እጃቸውን ቢሰጡ የእርሳቸውም የተከታዮቻቸውም ነፍስ እንደሚጠበቅ ቃል ሰጠ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት ልዑል ራስ እምሩ በዚህ ቃል እጃቸውን ሰጡ።

ስለዚህ ቀን ሰዎች ሁለት ዐይነት ፍርድ ሲሰጡ ኖረዋል። አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ጥይት መሞት ይገባ ነበር ይላል። ሌላው ደግሞ የሚመራው ሰው ሕይወት በእጁ ያለ አለቃ የራሱን ክብር ብቻ ሊመለከት አይገባውም ይላል። ሁለተኛው ፍርድ የበለጠ ሚዛን ይደፋል፤ ምክንያቱም ራስ እምሩ ለራሳቸው መሞትን እንደማይፈሩ በሽሬ አሳይተው ነበረና። ነገር ግን ያ ቃል ምን ያህል እንደ ቈየ መታወቅ አለበት። ራስ እምሩን በአይሮፕላን ወደ ኢጣልያ ወሰዷቸው። ወጣቶቹ በአገር ውስጥ በእስር ቀሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ ጥቁር አንበሶች በጠላት ጥበቃ ሥር ነበሩ፤ ቦምቡን ሊጥሉ የማይችሉት እነርሱ ነበሩ። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ተረሸኑ። በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ከሟቾቹ መካከል ናቸው። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው የነበሩት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ፈቃደ ሥላሴም እንዲሁ። ነፍሳቸውን ለማትረፍ እጅ የተሰጠላቸው ልጆች በሁለት ወር ውስጥ ሞቱ፤ እጅ የሰጡት አለቃ ግን በባሕር ማዶ በሕይወት ኖሩ። ይህ ሐዘን ለአንድ ሰው ልብ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ልዑል ራስ እምሩ የታሰሩት በኔፕልስ አጠገብ ባለችው በፖንዛ ደሴት ነው። ደሴቲቱ የፋሺስት መንግሥት ተቃዋሚዎቹን የሚያግዝባት ስፍራ ነበረች። በባሕሩ ዳር፣ ሳንታ ማሪያ በሚባለው ሠፈር፣ በአንድ ተራ ቤት አኖሯቸው። በኋላም ከዚያ ወደ ሌላ የግዞት ስፍራ አዛወሯቸው። በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ አገሩ ነጻ ሲወጣ፣ የጎሬው እንደራሴ ገና እስረኛ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በልብ ወለድ መጽሐፍ ቢጻፍ ሰው የማያምነው ነው። ሐምሌ 18 ቀን 1935 ዓመተ ምሕረት ንጉሥ ቪክቶር አማኑኤል፣ ያው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ብሎ የነበረው፣ ሙሶሊኒን ከሥልጣኑ አውርዶ አሰረው። ወዴት እናኑረው ተባለ፤ ሐምሌ 21 ቀን በመርከብ ወደ ፖንዛ ወሰዱት። ያሳደሩትም ራስ እምሩ በኖሩበት በዚያው ቤት ነው። እስረኛውን የላከው ሰው በእስረኛው ቤት ታሰረ። ሙሶሊኒ በማግሥቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ በዚያ ቤት ስድሳ ዓመት ሞላው። ይህ ሐምሌ 22 ቀን ለኢትዮጵያውያን ሌላ መታሰቢያ አለው፤ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት የተገደሉት ከዚያ ሰባት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1928 ዓመተ ምሕረት፣ በዚሁ ቀን ነበረ። ሙሶሊኒ በፖንዛ ዐሥር ቀን ያህል ቈይቶ ወደ ሌላ ደሴት ተወሰደ። ልዑል ራስ እምሩም የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ኢጣልያ በገባ ጊዜ ነጻ ወጥተው፣ ከሰባት ዓመት ግዞት በኋላ፣ በ1936 ዓመተ ምሕረት አገራቸው ገቡ።

አገራቸው እንደ ገቡ ለጥቂት ጊዜ በጌምድርን ገዙ፤ ከዚያም በዋሽንግተን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። በመስከረም 1941 ዓመተ ምሕረት ፕሬዚዳንት ትሩማን ንግግር በሚያደርጉበት በአንድ የሊቃውንት ጉባኤ ላይ ለመልእክተኞች በተለየው ስፍራ ተቀምጠው ሳሉ፣ ስለ ቆዳቸው ቀለም ብቻ ከዚያ ተነሥተው ጥቁሮች ወደሚቀመጡበት እንዲሄዱ ተጠየቁ። የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን ንቀት አጥብቆ ተቃወመ፤ የአሜሪካም መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ። ነገሩ በጋዜጦች ተሰማና በአሜሪካ ራስዋ ስለ ጥቁሮች መብት ለሚከራከሩት ሰዎች ማስረጃ ሆነ። ከዋሽንግተን በኋላ ልዑል ራስ እምሩ በሕንድ አምባሳደር ሆነው አገለገሉ።

በእነዚህ ዓመታት በአገር ውስጥ በሌላ ነገር ይታወቁ ጀመር። ከመሬታቸው ለጭሰኞቻቸው አከፋፈሉ። የመኳንንቱ ሀብት ሁሉ በመሬት ላይ በቆመበት ዘመን ይህ ለብዙዎች የማይገባ ነገር ነበረ፤ የውጭ አገር ጸሐፊዎችም ቀዩ ራስ የሚል ቅጽል ሰጧቸው። ቅጽሉ የተጋነነ ይመስላል፤ እርሳቸው የአብዮት ሰው አልነበሩም፤ አብሮ አደጋቸውን ንጉሠ ነገሥትም አልከዱም። ፊታውራሪ በላይ የሚባል ልብ ወለድም ጽፈዋል።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ በተነሡ ጊዜ፣ በራዲዮ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ያስታወቁት የልዑል ራስ እምሩን ስም ነው። ስማቸው የተመረጠው ሕዝቡም ወታደሩም ስለሚያከብራቸው ነበረ፤ በአድማው ግን እጃቸው አልነበረበትም። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታስረው የነበሩት መኳንንት፣ ከእነርሱም ውስጥ አምስቱን ዓመት በዱር የታገሉት ራስ አበበ አረጋይና የተምቤኑ ራስ ሥዩም፣ በመጨረሻው ሰዓት ተገደሉ፤ ልዑል ራስ እምሩ ከዚህ ሞት ተረፉ። ንጉሠ ነገሥቱም ሲመለሱ አልቀጧቸውም።

ከዚያ በኋላ በዕድሜያቸው ብዙ ለውጥ አዩ። ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩ በሐምሌ 1966 ዓመተ ምሕረት፣ ዙፋኑ በሚናወጥበት ወራት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ በዘውዱ መንግሥት የመጨረሻው ጠቅላይ ሚኒስትር እርሳቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት በየካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው ዐዋጅ ወጣ፤ በነሐሴም ንጉሠ ነገሥቱ ሞቱ። በሐረር ከአንድ መምህር ከተማሩት ከሁለቱ ልጆች ታናሹ ከታላቁ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ። ልዑል ራስ እምሩ በነሐሴ 1972 ዓመተ ምሕረት በ87 ዓመታቸው ዐረፉ። በእጃቸው ጽፈው የተዉት የሕይወት ታሪካቸው፣ ካየሁት ከማስታውሰው የሚባለው፣ በ2002 ዓመተ ምሕረት ታትሞ ወጣ።